ስለ ከተማ ቦታና ስለ ጥንት የውል ጽሕፈቱ

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ዛሬ ሲሰማ የደስታ በዓል ስም ይመስላል። በመጀመሪያው ግን የመሬት ሕግ ስም ነበረ። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ በድኽነት ምክንያት ርስቱን የሸጠ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ ይመለሳል። ስለዚህ የእርሻ መሬት ለዘለዓለም አይሸጥም ነበር፤ የሚሸጠው እስከ ኢዮቤልዩ ድረስ የሚታጨደው መከር ነበረ እንጂ።

ይኸው ሕግ ስለ ከተማ ቤት ሲናገር ግን ሌላ ሥርዐት ያቆማል። ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ ያለውን ቤት የሸጠ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊቤዠው ይችላል፤ ዓመቱ ከተፈጸመ በኋላ ግን ቤቱ ለገዢውና ለልጅ ልጁ ይጸናል፤ በኢዮቤልዩም አይመለስም። ከዚህ የተለዩት የሌዋውያን ቤቶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱ የሸጡትን ቤት በማናቸውም ጊዜ እንዲቤዡ ተፈቅዶላቸዋል። እንግዲህ የገጠር ርስት ወደ ባለርስቱ ወገን ስለሚመለስ ታሪኩን ለማወቅ የትውልድ ቍጥር ይበቃል። የከተማ ቦታ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳልና፥ ታሪኩ የሚታወቀው ሻጭና ገዢ በተዋዋሉበት ነገር ነው። የከተማ ቦታ ታሪክ የውል ታሪክ ነው ማለት ይህ ነው።

ውልም በመጽሐፍ ቅዱስ በሁለት ዐይነት ይገኛል። አባታችን አብርሃም ሣራን ለመቅበር የመክፌላን ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ ነገሩ የጸናው በከተማው በር በተሰበሰቡት ሰዎች ፊት ነው። በዚያ ስፍራ ወረቀትና ቀለም አልተነሣም፤ ምስክሩ የሕዝቡ ጆሮ ነበረ። ነቢዩ ኤርምያስ ግን የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ ብሩን በሚዛን መዘነ፤ ጽሕፈቱን ጻፈ፤ አተመ፤ ምስክሮችንም አስፈረመ። የታተመውንና ያልታተመውን ሁለቱን ጽሕፈት በሸክላ ዕቃ እንዲያኖራቸው ለባሮክ ሰጠው። በዚያ ጊዜ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ነበር። ነቢዩ ከተማይቱ እንደምትጠፋ ራሱ እየተናገረ መሬት መግዛቱና ጽሕፈቱን ማስቀመጡ ታላቅ ነገር ነው። ከተማ ቢፈርስ እንኳ ጽሕፈቱ ከተጠበቀ የቦታው መብት እንደማይፈርስ አሳይቶበታልና።

ወንጌል ስለ ምን መዝገብ ሆነ

በኢትዮጵያ ይህን የሸክላ ዕቃ ሥራ የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ዕቃውም የብራና መጽሐፍ ነው። ንጉሥ ለደብር መሬት በሰጠ ጊዜ፥ ሰው ከሰው ቦታ በገዛ ጊዜ፥ አባት ለልጁ በተናዘዘ ጊዜ፥ ነገሩ በወንጌሉ ኅዳግ፥ ወይም በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። ብዙ አድባራትና ገዳማት ለዚህ ሥራ የለዩትን ወንጌል የወርቅ ወንጌል ይሉታል።

ስለ ምን በወንጌል ተጻፈ ቢሉ ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው፥ ወንጌል በደብሩ ዕቃ ቤት ከንዋየ ቅድሳት ጋራ ስለሚጠበቅ እንደ ሌላ ወረቀት አይጠፋም። ሁለተኛው፥ ሰው በወንጌል የማለውን በወንጌል ላይ ለመፋቅ ይፈራል፤ በጽሕፈቱም መጨረሻ ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይጨመርበታል። ሦስተኛው፥ ብራና ከወረቀት ይልቅ ዕድሜ አለው።

ይህ ልማድ እጅግ የቈየ ነው። ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በሽመዛና በደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ላይ በዛጔ ዘመን የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው የመሬት ጽሕፈት ይገኛል። የኢጣልያው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ይህን ወንጌልና ጽሕፈቱን ለዓለም አስታውቋል። የአክሱም ጽዮንም የመሬት ስጦታዋ መጽሐፈ አክሱም በሚባለው ተሰብስቦ ይገኛል። እነዚህ ግን አብዛኛዎቹ የነገሥታት ስጦታ ናቸው። ተራ ሰው ከተራ ሰው የቤት ቦታ ሲገዛና ሲሸጥ በብዛት የሚታየው በጎንደር ነው።

የጎንደር ከተማና ሪም

ከዚህ በታች ዘመኑ የሚቈጠረው፥ ሌላ ካልተባለ፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ ከተማዪቱ በግንቡ ዙሪያ በየሠፈሩ ተከፋፈለች። አቡን ቤት የጳጳሱ፥ እጨጌ ቤት የእጨጌው ሠፈር ነበረ፤ እጨጌ ቤትም ለተሰደደና ለተከሰሰ ሰው መማጸኛ ሆኖ ይኖር ነበር። ከ1660 እስከ 1674 የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በአንድ ሠፈር እንዲቀመጡ ስላዘዙ እስላም ቤት የተባለው ሠፈር በግልጥ ተለየ። ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፥ እቴጌ ምንትዋብም ደብረ ፀሓይ ቍስቋምን ሠሩ። የጎንደር አርባ አራት ታቦት የሚባለው የአድባራቱ ብዛት የሠፈሮቹም ብዛት ነው።

ነገሥታቱ ደብር በተከሉ ጊዜ ለአገልጋዮቹ የሚሆን ሪም የሚባል መሬት ይሰጡ ነበር። ሪም የያዘ ካህን ወይም ደብተራ በቅዳሴ ወይም በማሕሌት ማገልገል ግዴታው ነው። ሪም ግን ለልጅ ይወረስ፥ ለሌላም ይሸጥ ነበር። የገዛው ሰው ቄስ ባይሆን እንኳ፥ ወይም ሴት ብትሆን፥ አገልግሎቱን የሚፈጽም ካህን በምትኩ ካቆመ መሬቱን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ መሬቱ ወደ መሳፍንትና ወደ መኳንንት፥ ወደ ወይዛዝርትም እጅ ሲገባ፥ የደብሩ አገልግሎት እንዳይቋረጥ የመሬቱን ጌታ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ደብሩ ሽያጩን ሁሉ በመጽሐፉ የጻፈው ለሻጭና ለገዢ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ቅዳሴው የማን ዕዳ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው እንጂ።

በ18ኛው መቶ ዓመት የተጻፉት የጎንደር የሽያጭ ጽሕፈቶች ለቋንቋም ታሪክ ዋጋቸው ታላቅ ነው። የንጉሥ ስጦታ በግዕዝ ሲጻፍ የሰውና የሰው ሽያጭ አብዛኛው የተጻፈው በአማርኛ ነውና፥ በገበያና በሸንጎ የሚነገረው ቃል በብራና ላይ ወርዶ ይገኛል።

በአንድ ጽሕፈት ውስጥ የሚገኘው

የሽያጭ ጽሕፈት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ከጥቂት መሥመር አይበልጥም። ነገር ግን በውስጡ ያለው ብዙ ነው። መጀመሪያ ዘመኑ ይነገራል፤ ይኸውም በማን መንግሥት፥ በማን እጨጌነት፥ በማን አለቅነት እንደ ሆነ፤ አንዳንድ ጊዜም ዘመኑ የማቴዎስ ወይም የማርቆስ፥ የሉቃስ ወይም የዮሐንስ እንደ ሆነ ይጨመርበታል። ቀጥሎ የገዢውና የሻጩ ስም፥ የቦታው ስፍራ፥ ዋጋው፥ ዋሱና እማኙ ይጻፋል።

ዋስና እማኝ አንድ አይደሉም። እማኝ ያየውንና የሰማውን ይመሰክራል። ዋስ ግን ነገሩ የፈረሰ እንደ ሆነ በራሱ ይጠየቃል፤ ከሻጩ ወገን የእኔ ነው የሚል ባለርስት ቢነሣ ገዢው የሚይዘው ዋሱን ነው። ስለዚህ የጥንት ገዢ ዋጋውን ከመክፈሉ አስቀድሞ የዋሱን ማንነት ይመረምር ነበር። ከጽሕፈቱም ውስጥ ለታሪክ ፈላጊ እጅግ የሚጠቅመው የዋሶችና የእማኞች ተራ ነው፤ ከነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ የማይገኙ የአለቆች፥ የመሪጌቶች፥ የዳኞችና የሠፈር ሽማግሌዎች ስም በዚያ ተጽፎ ይገኛልና።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በእነዚህ ጽሕፈቶች ሴቶች በብዙ ስፍራ ይገኛሉ፤ ሲሸጡ፥ ሲገዙ፥ ሲወርሱ፥ ሲያወርሱ፥ በዳኛ ፊትም ቆመው ሲሟገቱ ይታያሉ። ከአባትም ከእናትም መውረስ የአገሩ ሕግ ስለ ነበረ ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋራ ርስት ትካፈል ነበር። ዜና መዋዕል የጦርነትንና የሹመትን ነገር ይናገራልና ስለ እነርሱ እምብዛም አይናገርም። የደብሩ ኅዳግ ግን ስማቸውን ጠብቆ አቈየ። ባሏ የሞተባት ሴት ወንድሞቹ ከቤቷ ሊያወጧት በመጡ ጊዜ ወደ ደብሩ ሄዳ ወንጌሉን አስገልጣ የገዛችበትን ቃል ብታስነብብ፥ ያ ጥቂት መሥመር ከጋሻና ከጦር ይልቅ ይጠብቃት ነበር።

የአንድን ቦታ ታሪክ ወደ ኋላ ስለ መከተል

የአንድን ቦታ ታሪክ የሚመረምር ሰው ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። በመጨረሻው ጽሕፈት ሻጭ የሆነው ሰው ከእርሱ በፊት ባለው ጽሕፈት ገዢ ሆኖ መገኘት አለበት። ባይገኝ ወርሶታል ማለት ነውና የአባቱና የእናቱ ስም ይፈለጋል፤ ኑዛዜው በሌላ ቅጠል ላይ ሊገኝ ይችላል። በዚያም ባይገኝ በፍርድ ያገኘው እንደ ሆነ ሙግቱ ይፈለጋል። እንዲህ እየተደረገ ሲሄድ መጨረሻው የንጉሡ ስጦታ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ በአዋሳኝ መመርመር ነው። ጽሕፈቱ ቦታው ከማን ቤት ጋራ እንደሚዋሰን ቢናገር የጎረቤቱ ጽሕፈት የዚህኛው ምስክር ይሆናል። የአንዱ ሰነድ የጠፋ እንደ ሆነ በአራቱ ማዕዘን ያሉት ጎረቤቶቹ ስሙን ጠብቀውለት ይገኛሉ።

ሦስተኛው ዘመኑን ማወቅ ነው፤ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈለጋል። ለምሳሌ አንድ ጽሕፈት በዐፄ ኢያሱ መንግሥት በዘመነ ማቴዎስ ቢል፥ ኢያሱ የተባሉ ነገሥታት ከአንድ በላይ ስለ ሆኑ በመጀመሪያ የትኛው እንደ ሆነ ከእማኞቹ ስም ይታወቃል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ቢሆኑ የነገሡት ከ1723 እስከ 1747 ነው። በዚህም ውስጥ ዘመነ ማቴዎስ ስድስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ይኸውም 1725፥ 1729፥ 1733፥ 1737፥ 1741ና 1745 ነው። ከስድስቱ አንዱን ለመለየት የእጨጌውንና የአለቃውን የሹመት ዘመን ማመሳከር ያስፈልጋል። ወንጌላዊው ብቻውን አያስታውቅም፤ ንጉሡም ብቻውን አያስታውቅም፤ ሁሉ በአንድነት ሲቆሙ ግን ዓመቱ ይገለጣል።

ዋጋውም ዘመን ያመለክታል። በ18ኛው መቶ ዓመት ዋጋ ብዙ ጊዜ በወቄት ወርቅ ይነገራል፤ ኋላ ግን ማርትሬዛ የሚባለው ብር እየበዛ ሄደ። ይሁን እንጂ በብሩ ላይ የተቀረጸውን 1780 የሚለውን የአውሮፓ ዘመን አይቶ ጽሕፈቱ የዚያን ጊዜ ነው ማለት ስሕተት ነው። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ሞታ ሳለ ብሩ ከእርሷ በኋላ ብዙ ዘመን በዚያው ቍጥር ይቀረጽ ነበርና።

አራተኛው ብራናውን ራሱን መመልከት ነው። የብራና ጽሕፈት የተፋቀ እንደ ሆነ ስፍራው ይሻክራል፤ የቀድሞውም ቀለም ጥላ አንዳንድ ጊዜ ይታያል። አንድ የገዢ ስም በተፋቀ ስፍራ ላይ በሌላ እጅና በሌላ ቀለም ተጽፎ ቢገኝ፥ መርማሪው በዚያ ይቁም፤ ወይ ስሕተት ታርሟል፥ ወይ ሰው ተበድሏል።

የጽሕፈቱ ስደት

ጎንደር ግን የኤርምያስን ከተማ መከራ አየች። ዐፄ ቴዎድሮስ አስቀድሞ ከየአድባራቱ መጻሕፍትን እየሰበሰቡ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊያደርጉ አስበው ነበር። በኅዳር 1859 ጎንደርን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ገደሉ። መጻሕፍቱ ከሌላው ምርኮ ጋራ በዝሆንና በበቅሎ ተጫኑ፤ በደላንታ ሜዳም ጨረታ ተደረገ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት በለንደን ወደሚገኘው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከእነርሱም መካከል የጎንደር አድባራት የመሬት ጽሕፈት የተጻፈባቸው አሉ። በጥር 1880 ደግሞ ድርቡሽ ጎንደርን በእሳት ባጠፋ ጊዜ ከቀሩት መጻሕፍት ብዙው ተቃጠለ።

የዚህ ነገር ጕዳት ከውበት መጥፋት የሚበልጥ ነው። ሥዕል ያለበት ወንጌል ሲወሰድ ደብሩ ጌጡን አጣ፤ ጽሕፈት ያለበት ወንጌል ሲወሰድ ግን በሠፈሩ ያለ ባለቦታ ሁሉ ምስክሩን አጣ። የወሰዱት ሰዎች የተመኙት ብራናውንና ሥዕሉን ነበረ፤ የድኻዪቱም የቤት ውል ሳያውቁት ከእነርሱ ጋራ ባሕር ተሻገረ።

ሆኖም ሁሉ አልጠፋም። በ1960ዎቹ ዓመታት የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ግልባጩም በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ አገር በኮሌጅቪል ይጠበቃል፤ ዝርዝሩንም በማዘጋጀት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዘመን ደከሙ። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚም የጎንደርንና የአካባቢውን አድባራት የኅዳግ ጽሕፈት መርምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ሕዝብ ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ለሦስት መቶ ዓመት በዕቃ ቤት ያንቀላፋው የሻጭና የገዢ ቃል የአንድ አገር ታሪክ መሠረት ሆነ።

ከብራና ወደ ካርታ

አዲስ አበባ በ1879 በተቈረቈረች ጊዜ የቦታ ነገር በብራና አልተጀመረም። ዐፄ ምኒልክ ለየመኳንንቱ ሠፈር ሰጡ፤ ጭፍራውም በጌታው ዙሪያ ድንኳኑን ተከለ፤ ኋላም ቤት ሠራ። ደጃች ውቤ ሠፈር፥ ሠራተኛ ሠፈር የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ የዚያ ዘመን ምስክር ናቸው። ባለሥልጣኑ ቢሻር ወይም ንጉሡ ቢያዝ ቦታው ወደ ሌላ ሊሄድ ይችል ነበር። በ1900 ገደማ በወጣው የመሬት ደንብ ግን በከተማው ውስጥ ያለ ቦታ በግል እንዲያዝ፥ እንዲወረስና እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ ቦታ እየተለካ ባለቤቱ ማስረጃ እንዲይዝ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ በደብር ይፈለግ የነበረው የቦታ ምስክር በመንግሥት መዝገብና በካርታ ይፈለግ ጀመር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቍጥር 47 በወጣ ጊዜ የከተማ ቦታ ሁሉና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በየሣጥኑ የነበረው የሽያጭ ወረቀት በአንድ ቀን ኀይሉን አጣ። ከደርግም መንግሥት በኋላ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ወሰነ። ስለዚህ የጥንቱ ጽሕፈት ዛሬ ቦታ ለማስመለስ የሚያገለግል ሰነድ አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። መብቱ ቢያልፍም እውነቱ አላለፈም። በዚህ ቦታ ማን እንደ ኖረ፥ ማን ለማን እንደ ዋሰ፥ የትኛዪቱ ሴት ቤቷን ለታቦቱ እንደ ሰጠች የሚናገር ሌላ መጽሐፍ የለም። የደብር ታሪክ ብዙ ጊዜ ከተከለው ንጉሥና ከአለቆቹ ስም አልፎ አይሄድም፤ በዙሪያው የኖረው ሕዝብ ስሙ የሚገኘው በኅዳጉ ነው።

ዛሬ ጕዳቱ የሚመጣው ከጦርና ከእሳት ብቻ አይደለም። አሮጌ ወንጌል ሲጠረዝ ባዶ የሚመስለው የዳር ቅጠል ተቈርጦ ይጣላል፤ ኅዳጉም ለመጠረዣ እንዲመች ይከረከማል፤ በወረቀት የተጻፈ የቦታ ውልም አርጅቷል ተብሎ ይቃጠላል። የተቈረጠው ቅጠል ግን የአንድ ሠፈር መዝገብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ቤት የሚጠብቅ ገበዝ መጽሐፍ ሲቀበልና ሲያስረክብ የቅጠሉን ቍጥር ቢቈጥር፥ ኅዳጉን የሚያነብ ሊቅ ቢያስነብብ፥ ፎቶግራፉንም አንሥቶ በሁለት ስፍራ ቢያኖር፥ ባሮክ በሸክላው ዕቃ የሠራውን ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ምእመናንም ከዚህ ሥራ የሚደርሳቸው ዕድል አለ። በየቤቱ ሣጥን ያለ አሮጌ ወረቀት፥ የአያት ኑዛዜ፥ የግብር ደረሰኝ፥ የሠፈር ሽማግሌዎች የፈረሙበት የእርቅ ቃል ሁሉ የደብሩ ታሪክ ክፍል ነው። ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ የዚህ ቤት ጌታ ማን ነበረ፥ ይህ መንገድ በማን ግቢ አለፈ ብሎ ጠይቆ መጻፍ ይገባል። እማኝ የሞተ እንደ ሆነ በእርሱ ቦታ የሚመሰክር ጽሕፈቱ ብቻ ነውና፥ ዛሬ የተጻፈ አንድ መሥመር ሌላ 50 ዓመት ተቈጥሮ ኢዮቤልዩ በደረሰ ጊዜ ለልጆቻቸው ዋስ ይሆናል።